አማካዩ 26 ከመቶ ሲል አንዱ ኮር ታንቋል

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ ቢሮ፣ አራት ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ የሚሠሩ ክፍሎች) ያለውና ሊኑክስ የተጫነበት ያገለገለ ዴስክቶፕ ሰርቨር ሆኖ ተቀምጧል እንበል። ኮምቦልቻ ያለችው ገንዘብ ያዥ አንድ ደረሰኝ ለማውጣት ደቂቃ ሙሉ ትጠብቃለች። ሰርቨሩ ላይ ፕሮግራሞች የያዙት የፕሮሰሰሩ ጊዜ በአማካይ ሲታይ ግን 26 ከመቶ ነው። «ማሽኑማ ሥራ ፈቷል፣ ኔትወርኩ ነው» ይባልና ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የኔትወርክ መስመር ያለ ጥፋቱ ይረገማል።

የሚሸውደው አማካዩ ነው። ወፍጮ ቤቱ አራት ወፍጮ ቢኖረውም አንዱን ጆንያ ለአራቱ አከፋፍሎ መፍጨት ካልተቻለ፣ ሦስቱ ቆመው ይውላሉ፤ ወረፋው ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ኮር በኮር ማየት ነው። (ትእዛዞቹን ለንባብ ብዬ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የሚተየቡት በላቲን ነው።)

መጀመሪያ ማሽኑ ስንት ኮር እንዳለው እንወቅ። «ኤንፕሮክ» ቁጥሩን ብቻ ይነግራል። 8 ካለ ግን ቶሎ ደስ አይበላችሁ። «ኤልኤስሲፒዩ» ውስጥ በአንድ ኮር ስንት ትሬድ (እንደ አንድ ኮር የሚቆጠር የሥራ መስመር) እንዳለ የሚናገረው መስመር 2 ካለ፣ እውነተኛው ኮር 4 ነው፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዱን ይጋራሉ። እንዲህ ባለ ማሽን አጠቃላዩ 50 ከመቶ ደረሰ ማለት ግማሽ አቅም ቀረ ማለት አይደለም፤ የቀረው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚጋራ «ኤልኤስሲፒዩ -ኢ» በሠንጠረዥ ያሳያል።

ለፈጣን እይታ «ቶፕ» ከፍቶ የ1 ቁጥርን ቁልፍ መጫን ይበቃል፤ አማካዩ ተበትኖ እያንዳንዱ ኮር የራሱን መስመር ይይዛል። ከኮምቦልቻ ሆኖ በኤስኤስኤች (ከርቀት ሰርቨሩ ውስጥ መግቢያ) በሞባይል ዳታ ለሚያይ ሰው ግን ቶፕ ገጹን ቶሎ ቶሎ ስለሚያድስ ያስቸግራል፤ «ቶፕ -ዲ 10» ብሎ ማዘግየት ይሻላል። እኔ ከዚያ በላይ ቶፕ ላይ አልቆይም፤ ትክክለኛው መሣሪያ ኤምፒስታት ነው።

ኤምፒስታት ሲስስታት በሚባለው ጥቅል ውስጥ ይመጣል። ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሲስስታት»። ስሙ መሐል ላይ ኤስ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዷን የዘለለ ሰው ጥቅሉ የለም ይባላል። ከዚያ፦

ኤምፒስታት -ፒ ኦል 2 5

ፒም ኦልም በትልቁ ፊደል ናቸው። በየ2 ሴኮንዱ 5 ጊዜ ያሳይና መጨረሻ ላይ አማካዩን ያወጣል። ሁለቱን ቁጥሮች ትቶ ባዶውን የሚያስኬድ ብዙ ሰው አለ፤ ያን ጊዜ የሚወጣው ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ ያለው አማካይ ነው፣ ለአሁኑ ችግር አይረባም። የደሴው ሰርቨር ውጤት ይህን ይመስላል እንበል፦ ኮር 0 ለፕሮግራም 2፣ ለከርነል (ለሊኑክስ እምብርት) 1፣ ባዶ 97፤ ኮር 1 በቅደም ተከተሉ 1፣ 1፣ 98፤ ኮር 2 97፣ 3፣ 0፤ ኮር 3 4፣ 1፣ 95። የፕሮግራሙን አምድ ደምራችሁ ለአራት ብታካፍሉ ያው 26 ነው። ደረሰኙ የታነቀው ኮር 2 ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከርነሉ አንዱን የፕሮግራም ትሬድ (ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ አንድ የሥራ መስመር) ከኮር ወደ ኮር ያዘዋውራል። በ2 ሴኮንድ ልዩነት ስታዩ ኮር 2 ሞልቶ፣ ቀጥሎ ኮር 0 ሞልቶ ይታያል፤ በ60 ሴኮንድ ልዩነት ካያችሁ ደግሞ አራቱም ወደ 25 አካባቢ ሆነው ምንም ችግር የሌለ ይመስላል። ስለዚህ ልዩነቱን አጥብቡት፤ ከ1 ሴኮንድ በታች ግን አያስፈልግም። በዚያ ላይ ፕሮግራሙን ራሱን ጠይቁት፦ «ፒድስታት -ዩ -ቲ 1»። ይህ ትሬድ በትሬድ ይዘረዝራል፣ በየትኛው ኮር ላይ እንዳለም ይናገራል። እዚህ 100 ማለት አንድ ኮር ሙሉ ማለት ነው። አንድ ትሬድ 100 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ፣ ተጨማሪ ኮር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ የሚረዳው የአንዱ ኮር ፍጥነት ወይም የፕሮግራሙ መስተካከል ነው። በ«ታስክሴት» አንድ ኮር ላይ ማሰርም ፍጥነት አይጨምርለትም። «ፒኤስ» የሚያሳየውን መቶኛ እዚህ አትመኑት፤ ፕሮሰሱ ከተነሣ ጀምሮ ያለውን ነው የሚያካፍለው፤ ጠዋት ተኝቶ አሁን ያበደ ፕሮግራም ጨዋ መስሎ ይታያል።

የታነቀው ኮር ፕሮግራም ሳይሆን «ሶፍት» የሚለው፣ ከርነሉ ለኔትወርክና ለመሳሰለው ሥራ የሚያጠፋው ጊዜ አምድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ርካሽ የኔትወርክ ካርዶች ብዙውን ጊዜ አንድ ወረፋ ብቻ ስላላቸው የሚመጣው ፓኬት (የኔትወርክ መረጃ ቁራጭ) ሁሉ በአንድ ኮር ላይ ይወርዳል። «ካት /ፕሮክ/ኢንተራፕትስ» ሁለት ጊዜ አስኪዱና የካርዱ መስመር በየትኛው አምድ ላይ እንደሚጨምር እዩ። ካርዱ ብዙ ወረፋ ካለው ወረፋዎቹን ለኮሮች የሚያከፋፍለው «አይአርኪውባላንስ» ይረዳል፤ አንድ ብቻ ከሆነ በካርዱ የመቀበያ ወረፋ ሥር ባለው «አርፒኤስ_ሲፒዩስ» ፋይል የፓኬቱን ሥራ ለሌሎቹ ኮሮች ማከፋፈል ይቻላል።

«አዮዌይት» ደግሞ ፕሮሰሰሩ ባዶ ሆኖ ዲስክ ሲጠበቅ የሚቆጠር ጊዜ ነው። ከፍ ካለ ዲስኩን ጠርጥሩ፤ ዝቅ ስላለ ግን ዲስኩን ነጻ አታውጡት፣ ኮሩ ሌላ ሥራ ካገኘ ያ ጊዜ አዮዌይት ተብሎ አይቆጠርም። ማረጋገጫው «አዮስታት -ኤክስ 2» ነው። የሎድ ቁጥርም (የሚሠሩና ተራ የሚጠብቁ ሥራዎች አማካይ ብዛት) ሊኑክስ ላይ ዲስክ የሚጠብቁትን ስለሚጨምር፣ አራት ኮር ላይ ሎድ 9 ሆኖ ፕሮሰሰሩ ባዶ ቢሆን አይገርምም። «ስቲል» የሚያገባችሁ ሰርቨሩ ቨርቹዋል (በትልቅ ማሽን ውስጥ ከሌሎች ጋር የሚጋራ) ከሆነ ብቻ ነው፤ ያ ከፍ ካለ ጎረቤት እየተሻማ ነው፣ አከራዩን አነጋግሩ።

ኤምፒስታት የማይነግረው ነገር ፍጥነት ነው። በሙቀት ወደ 800 ሜጋኸርዝ የወረደ ኮርም 100፣ በ3,400 የሚሮጥም 100 ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል፤ ፋኑ አቧራ የያዘ ማሽን ደሴ ላይ ደህና ሲሠራ ከርሞ እዚያ ሲወርድ ሊንቀረፈፍ ይችላል። በ/ፕሮክ/ሲፒዩኢንፎ ውስጥ የሜጋኸርዙን መስመሮች በ«ግሬፕ» አውጥታችሁ በጭነት ጊዜ እዩ፤ «ሱዶ ዲሜሴጅ» ላይም የሙቀት ማስጠንቀቂያ ፈልጉ። ካለ፣ ሶፍትዌሩን ትታችሁ ብሩሽና አዲስ የሙቀት ቅባት አዘጋጁ።

ትናንት የሆነውን ለማየት «ሳር -1 -ዩ -ፒ ኦል» አለ፣ ያለ -1 የሚያሳየው የዛሬውን ነው፤ እዚህም ፒና ኦል በትልቁ ናቸው። ኡቡንቱ ላይ ምዝገባው ካልበራ በ/ኢቲሲ/ዲፎልት/ሲስስታት ውስጥ ፎልስ የሚለውን ትሩ አድርጉና አገልግሎቱን እንደገና አስነሡ፤ በየ10 ደቂቃው ይመዘግባል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሳር «ሊኑክስ ሪስታርት» የሚል መስመር ያስገባል፤ መቼ እንደተነሣ ከዚያ ይታወቃል። ሰዓቱን ግን ልብ በሉ። ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ባለው የዓለም መነሻ ሰዓት) ከተተወ የ11:10 መስመር በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ነው፤ ገንዘብ ያዧ «ስምንት ሰዓት ላይ ቆመብኝ» ስትል 14 (በ24 ሰዓት አቆጣጠር የእኛ ስምንት) አካባቢ ፈልጋችሁ ባዶ ታገኛላችሁ። «ታይምዴትሲቲኤል» የሰዓት ክልሉን ወደ አዲስ አበባ ያስተካክላል። ያገለገለ ማሽን ላይ ደግሞ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ሞታ ከሆነ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ኢንተርኔት አግኝቶ እስኪታረም ድረስ ምዝገባው በሌላ ቀን ፋይል ውስጥ ይገባል። ሲአር2032 የሚል ጽሑፍ ያላት ክብ ባትሪ ናት፤ ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ መቀየር ነው።