የወንዶች ኳየር ልትገቡ ከሆነ፣ ፒያኖው አጠገብ ከመቆማችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ የአገሬ ልጅ ለሆስፒታል ሥራ ወደ ሳውዝ ዌልስ ሊመጣ መሆኑን ነገረኝ። "እዚያ ምን አለ?" አለኝ በስልክ። ዝናብ አለ፣ ተራራ አለ፣ የወንዶች ኳየር፣ ማለት የመዘምራን ቡድን፣ አለ አልኩት። ስለ ዝናቡ በደንብ ጠየቀኝ። ኳየሩ ላይ ሳቀ።

እኔም ስመጣ ስቄ ነበር። ዛሬ ግን አባል ነኝ። በሳምንት ሁለት ምሽት ልምምድ አለኝ፣ የኳየሩ ዓርማ ያለበት ኮት ተሰጥቶኛል። እንኳን ገባሁ እላለሁ። ግን መግቢያው ላይ አንድ ሰው "ቆይ፣ ተረጋጋ" ቢለኝ ኖሮ ድምፄን አጥቼ አልከርምም ነበር። ማንም ስላላለኝ እኔ ልበላችሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እዚሁ ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ሮንዳ የሚባለው ሸለቆ በ1851 ሁለት ሺህ ሰው እንኳ ያልሞላበት የበግ አገር ነበር። ከዚያ የድንጋይ ከሰል ቁፋሮው መጣ። በ1911 እዚያው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ሰው ታጭቋል። ወንዱ በሥራ ቀን መሬት ውስጥ ነው፣ እሑድ ቻፕል ነው። ቻፕል የሚሉት ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተለዩት ፕሮቴስታንቶች የሚጸልዩበትን ቤት ነው። እዚያ ምእመኑ ራሱ በአራት ድምፅ ይዘምራል።

ኖታ ያልተማረ ከሰል ቆፋሪ በአራት ድምፅ እንዴት ይዘምራል? በቶኒክ ሶልፋ። ሣራ ግሎቨር የምትባል የኖርዊች መምህርት የጀመረችው፣ ጆን ከርወን የሚባል ቄስ ያስፋፋው ዘዴ ነው። አምስት መስመር የለ፣ ጥቁርና ነጭ ክብ የለ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ በፊደል ብቻ ይጻፋሉ። ሕትመቱ ርካሽ ነው፣ ማታ ማታ ይማሩታል። ብዙም ሳይቆይ መንደር ከመንደር በዜማ መፎካከር ሆነ ሥራው። ሮንዳ ውስጥ ያለችው የትሪኦርኪ ኳየር በ1895 ዊንዘር ቤተ መንግሥት ድረስ ተጠርቶ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመረ። የደንቫንት ኳየር በዚያው ዓመት ተቋቁሞ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ፔንዲረስ የተቋቋመው በ1924 ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አባላት ብዙዎቹ ሥራ ያጡ ከሰል ቆፋሪዎች ነበሩ።

እኔን ግን ከሁሉም የሚገርመኝ የ1957ቱ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝ ፖል ሮብሰን የአሜሪካ መንግሥት ፓስፖርቱን ስለነጠቀው ከአገሩ መውጣት አይችልም። የዌልስ ከሰል ሠራተኞች ፖርትኮል ከተማ ላይ በዓል ነበራቸው። ጋበዙት። ኒውዮርክ ቁጭ ብሎ በአትላንቲክ ሥር በተዘረጋው የስልክ ገመድ ዘፈነላቸው። የትሪኦርኪ ኳየር በዚያው መስመር ዘምሮ መለሰለት። ኤምባሲ በር ላይ ተሰልፎ ለሚያውቅ ሐበሻ ይሄን ማብራራት አያስፈልገኝም።

ጉድጓዶቹ አሁን የሉም። ሮንዳ ውስጥ የመጨረሻው፣ ማርዲ፣ በ1990 ተዘጋ። ኳየሮቹ ግን አሉ። ችግሩ አባላቱ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው አይመጡም። ስለዚህ ጡረታ ያልወጣ ሰው በበሩ ብቅ ሲል የሚሆኑትን ያሳጣቸዋል። ይቺን ያዙልኝ፣ የኔ ጣጣ ከዚህ ነው የጀመረው።

አገባቡ ቀላል ነው። ለጸሐፊው ኢሜይል ትልካላችሁ፣ አንድ ምሽት ሄዳችሁ ታዳምጣላችሁ፣ የሙከራ ጊዜ ይሰጣችኋል፣ መዋጮ ትከፍላላችሁ። ከእኛ እድር ብዙ አይለይም። ሊቀ መንበር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ስም ይጠራል፣ አባል ሲሞት ሁሉም ወጥቶ ይቀብራል።

አሁን ወደ ድምፅ ፈተናው።

የወንዶች ኳየር አራት ክፍል አለው። ከላይ ፈርስት ቴኖር፣ ቀጥሎ ሰከንድ ቴኖር፣ ከዚያ ባሪቶን፣ ከሥር ባስ። ከሁሉም የሚቸግረው ፈርስት ቴኖር ነው። ሰው ሲያረጅ ላይኛው ድምፅ ይሸሻል፣ በቦታው የሚተካ ደግሞ አይገኝም። የኛ የሙዚቃ ኃላፊ ጎበዝ ነው፣ ጆሮው ምንም አያመልጠውም። ግን ያን ምሽት እኔን ያየኝ ባዶ ወንበሮቹን በሚያይበት ዓይን ነው።

ፒያኖው አጠገብ አቆመኝና "አ" በል አለኝ። አንድ አንድ ድምፅ እየጨመረ ወደ ላይ ይወስደኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት። አራራይ ሲመጣ ድምፅ አቅጥኖ መውጣት ከልጅነቴ አውቃለሁ። ወጣሁ። ላ የምትባለው ኖታ ላይ ደረስኩ። ከላዋ ቀጥላ ያለችውን ጥቁር ቁልፍ መታት፣ እሷንም ነካኋት። ፊቱ በራ። "ፈርስት ቴኖር!" አለ። ከኋላ የተቀመጡት አዛውንቶች አጨበጨቡ። ሰው አገር መጥቶ እንዲህ የተጨበጨበለት ሰው "ቆይ እስኪ ላስብበት" ይላል? አይልም።

አያችሁ፣ ላይኛዋን ኖታ አንዴ መንካት ሌላ ነው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያው አካባቢ መዘመር ሌላ። ኃላፊው የመጀመሪያውን ብቻ ነው የፈተነኝ። ሁለተኛውን ቢፈትን የሚያገኘውን መልስ አልፈለገውም ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ከዚያ ከልምምድ ስወጣ ጉሮሮዬ እንደ ገመድ ይጠብቅ ጀመር። ጠዋት ድምፄ ይጎረንናል። የክፍሉ ተጠሪ ለሆኑት ሽማግሌ ነገርኳቸው። "አይዞህ፣ ድምፅህ ገና አልተከፈተም፣ ጊዜ ስጠው" አሉኝ። ሰጠሁት። ባሰበት። ወደ ታች ልውረድ ብዬ ጠየቅኩ። ክፍል መቀየር የሙዚቃ ኮሚቴው ሥልጣን ነው ተባለ፤ በጽሑፍ አመልክት። አመለከትኩ። ኮሚቴው በወር አንዴ ነው የሚሰበሰበው፤ በዚያ ወር ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። እኔ የቀበሌ ምልልስ አገር ቤት ትቼው የመጣሁ መስሎኝ! በመጨረሻ መልስ መጣ። ጥያቄዬ ከገና ኮንሰርት በኋላ "ይታያል"። በምን ልዝፈን እስከዚያ? እሱ አልተጻፈም።

ኮንሰርቱ አንድ አሮጌ ቻፕል ውስጥ ነበር። ሕዝቡ ሰገነቱን ሳይቀር ሞልቶታል። ሦስተኛው መዝሙር ላይ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም። አየር ብቻ። ዙሪያዬን አየሁ፣ ማንም አላወቀም። ከዚያ በኋላ ያለውን በሙሉ አፌን እያንቀሳቀስኩ ጨረስኩት። ሲያበቃ አንዲት እናት መጥተው እጄን ያዙና "እንዴት ያለ ድምፅ ነው ያለህ ልጄ" አሉኝ። ማመስገኛ ድምፅ እንኳ ስላልነበረኝ ጎንበስ ብዬ አለፍኩ።

በነጋታው ሥራ ቦታ በሽተኛ የማናግረው እየጻፍኩ ሆነ። እናቴ በስልክ ተልባ ጠጣ አለች። ጠጣሁ። ዝንጅብል በማር ጠጣሁ። ምንም። እዚህ አገር ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ከጎረነነ ጂፒ የሚሉትን የሰፈር ሐኪም ማየት አለባችሁ፤ ቸል አትበሉት፣ ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል። ጂፒው ወደ አንገት በላይ ሐኪም ላከኝ። ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብተው አዩት። የድምፅ አውታሮቹ አብጠዋል፣ ደግነቱ እባጭ አላበቀሉም። ዝም በል፣ ውኃ ጠጣ፣ የንግግር ቴራፒስት ዘንድ ሂድ።

ቴራፒስቷ ፒያኖ እንኳ የላትም። ከሥር ጀምረህ ድምፅህን ሳትቆርጥ ወደ ላይ አንሸራትት አለችኝ። አንድ ቦታ ላይ ድምፄ ክልብስ አለ። ከመካከለኛው ዶ በላይ ሚ አካባቢ ነው። "ቴኖር ከሆንክ እዚህ አትገለበጥም፣ ከፍ ብለህ ነው" አለች። ባሪቶን ነህ። ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ ፈተናው። ያንን የሚያህል ኮሚቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልጠየቀውን!

ወረቀቷን ይዤ ሄድኩ። ወዲያው ፈቀዱልኝ። የሐኪም ማኅተም ሲያዩ ስብሰባም አላስፈለገ። የኔ ጉሮሮ የሚለው ግን አልበቃቸውም ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ምክሬ። ፈተናው ላይ ከፍ ያለችውን ኖታ ካገኛችሁ "እዚህ አካባቢ ያለ አንድ መዝሙር ሙሉውን ልዘምር" በሉ። ሲደግማችሁ ካቃታችሁ ውረዱ፣ ጭብጨባው ይቅርባችሁ። የሚወስዷችሁን ክፍል በሙከራ ጊዜው መቀየር እንደምትችሉ አስቀድማችሁ በኢሜይል አረጋግጡ። በቃል አይሆንም።

ሌላው፣ ማስታወቂያዎቻቸው ላይ "ኖታ ማንበብ አያስፈልግም" ይላሉ። አትመኑ። አዛውንቶቹ ሁሉን በቃላቸው ስለያዙት ነው እንደዚያ የሚሉት። በተለይ ለእኛ ሰው ከባድ ነው። ማኅሌት ላይ ግራና ቀኝ ይቀባበላሉ እንጂ የሚወጣው ዜማ አንድ ነው። እኔ ባሪቶን ውስጥ ቆሜ ጆሮዬ ሁልጊዜ ዜማው ወዳለበት ወደ ቴኖሮቹ ይሸሽ ነበር። ባሪቶን ዜማ የለውም፤ መሃል ሆኖ ሁለት ሦስት ኖታ ላይ ይመላለሳል። ጆሴፍ ፓሪ በ1875 ያወጣትን ሚቫንዊ የምትባል የዌልስ መዝሙር ስማር የሰው ዜማ እየዘመርኩ ስንት ጊዜ ተገሥጫለሁ። ፓሪ ራሱ በልጅነቱ ከሰል ጉድጓድ የሠራ የመርተር ከተማ ልጅ ነው፤ እሱ የቻለውን እኔ የማልችልበት ምክንያት የለም እያልኩ ነው የተጽናናሁት።

የጠቀመኝ ሶልፋ ነው። አሁን አዲሶቹ አባላት አይማሩትም፣ ኃላፊውም ጊዜው አልፎበታል ይላል። እኔ አልስማማም። ለድጓ ምልክት ዓይኑ የለመደ ሐበሻ ከአምስቱ መስመር ይልቅ ይሄ ይቀለዋል። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት ምልክት ከግጥሙ በላይ በትንንሽ ፊደል እንደሚቀመጠው ሁሉ፣ እኔም ወረቀቴ ላይ ሦስት መስመር አለኝ። ከላይ በእርሳስ ዶ ሬ ሚ፣ መሃል የታተመው ዌልስኛ፣ ከሥር በቀይ እስክሪብቶ በፊደላችን ንባቡ። ዌልስኛ እንደ እንግሊዝኛ አይዋሽም፣ በአብዛኛው የተጻፈው ይነበባል፣ ለፊደላችን ይመቻል። የሚያስቸግረው ጎን ለጎን የሚጻፈው ሁለት ኤል (ll) ነው። ምላስን "ለ" ላይ አስቀምጦ አየር ብቻ መልቀቅ ነው፤ ጎኔ የሚቆሙት ሽማግሌ ወረቀቴን አይተው "ይሄ የማን አገር ጽሑፍ ነው?" ካሉኝ ወዲህ ራሳቸው ያርሙኛል። ግጥሙ ይገባሃል ወይ ለሚለኝ፣ ግእዙንስ ስንቶቻችን ገብቶን ነው ስንዘምር የኖርነው?

ከኮንሰርት በኋላ መጠጥ ቤት ይገባሉ፣ እዚያም መዝሙሩ ይቀጥላል። አትቅሩ። ማንም ጠጡ አይላችሁም፣ ለስላሳ ይዛችሁ ቁሙ። ጾም ከሆነ ግን ሳንድዊቹ ሁሉ ቅቤ አለበት፤ በልታችሁ ሂዱ። ማታ ፈረቃ የምትሠሩ ደግሞ ፕሮግራማችሁን ለጸሐፊው አስቀድማችሁ ስጡ። የቀረ ሰው ኮንሰርት ላይ አይቆምም፣ እዚህ ላይ ቀልድ የላቸውም።

በቅርቡ አንድ ከህንድ፣ ከኬረላ የመጣ ልጅ ብቅ አለ፣ ነርስ ነው። ፈተናው ላይ ማንም ሳይጠራኝ ሄጄ ፒያኖው ጎን ቆምኩ። ልጁ ላ ላይ ደረሰ። ኃላፊው ፈገግ ማለት ሲጀምር "እዚያው አቆየው እስኪ" አልኩ። ገላመጠኝ። ግን አቆየው። ልጁ አላቃተውም፣ ጭራሽ እየቀለለው ሄደ። እውነተኛ ቴኖር ነው። ኃላፊው ለእኔ ምንም አላለኝም፤ ለልጁ ግን ማታውኑ ልኩ የሆነ ኮት ፍለጋ ቁም ሳጥኑን ገለበጡት።