ማክሰኞ ዝግ ነው

ለሥራ ብራስልስ ተልኬ ነበር። ከዕረፍቴ ሦስት ቀን ቆረስኩና ወደ ፓሪስ ወረድኩ። ባቡሩ ላይ ስለተኛሁ ስለ መንገዱ የምነግራችሁ የለኝም። የሄድኩት ለአንድ ሰው ነው፤ ለፈረንሳዊው ሠዓሊ ለክሎድ ሞኔ።

ሌሊቱን ግን አልረሳውም። ክፍሌ ከሊፍቱ ጎን ነበር። ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር ግድግዳው ያቃስታል። በዚያ ላይ ሰኔ ነው፤ ፀሐይዋ ከምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ አልጠልቅም አለች። መጋረጃው ደግሞ ለስሙ ነው የተሰቀለው። ጠዋት ዓይኔ በርበሬ መስሎ የሞኔ ትልልቅ ሥዕሎች ያሉበት ኦራንዠሪ ሙዚየም በር ላይ ተገኘሁ። ቱሊሪ መናፈሻ ውስጥ ያለ ረጅም ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 ሲሠራ የብርቱካን ዛፎችን ከክረምት ብርድ ለመከለል ነበር።

በሩ ዝግ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ አይከፍቱም። ቀድሜ አንድ ጊዜ ባይ ኖሮ አውቀው ነበር። ጥፋቱ የራስ ሲሆን የሚሳደቡት ሰው ማጣት እንዴት ያናድዳል!

እንግዲህ ሥዕሉን ካላየሁ የሳለውን አበባ ልይ ብዬ ወደ ሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ሞኔ በ1877 ይህንኑ ጣቢያ ከነጭሱ ስሎታል። አሁን ጭስ የለም፤ ቡና እንጂ። ቬርኖን ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከዚያ በአውቶቡስ የሞኔ ቤትና ግቢ ወዳለበት መንደር፣ ወደ ዢቨርኒ።

ሞኔ ዢቨርኒ የገባው በ1883 ነው፤ ተከራይቶ። ቤቱን የገዛው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። በ1893 ደግሞ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ መሬት ጨመረና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አበባ የምተክልበት ኩሬ ልሥራ አለ። ከትንሿ ወንዝ ውሃ ለመጥለፍ ፈቃድ ጠየቀ። የሰፈሩ ገበሬዎች ተነሡ። ይሄ ከባዕድ አገር የመጣ ተክል ውሃችንን ይመርዘዋል፣ ከብቶቻችንን ይፈጅብናል አሉ። ሰውዬውም ተናዶ ለአስተዳዳሪው ደብዳቤ ጻፈ። ይህን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅኩ። የኛ ቀበሌ የአቤቱታ መዝገብ ውስጥ ቢገኝ ማንም አይገርመውም።

ግቢው ደስ ይላል። አበባው ድብልቅልቅ ያለ ነው፤ ቀዩ ከሐምራዊው ላይ፣ ቢጫው መሀል መንገድ ላይ። እናቴ በዘይት ጣሳ የምትተክላቸው ጽጌረዳዎችም እንዲሁ ሥርዓት የላቸውም፤ እሷን ግን ሊያይ ከጃፓን የመጣ ሰው የለም። ኩሬው ላይ አንድ አትክልተኛ በጠፍጣፋ ጀልባ ሆኖ የሞተ ቅጠል ይለቅማል። ሞኔ አበባው አቧራ እንዳይቀመጥበት ብሎ ከግቢው አጠገብ ያለውን መንገድ በገዛ ገንዘቡ ሬንጅ አስለብሶታል ይባላል። አቧራ ቁርሱ ለሆነ እንደኔ ላለ ሰው ይህ ቅንጦት ነው።

ሰው ግን መዓት ነው። አረንጓዴው ድልድይ ላይ ለመቆም ወረፋ ያዝኩ። ሁሉም ጀርባውን ለኩሬው ሰጥቶ ለስልኩ ፈገግ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ የሥዕል ኤግዚቢሽን ሲከፈት ትዝ አለኝ። እዚያም ጀርባ ለሥዕሉ፣ ፊት ለወይን ብርጭቆው ነው። ተራዬ ሲደርስ እኔም ያው አደረግኩ።

ስመለስ አውቶቡሱ አመለጠኝ። የሚቀጥለውን ስጠብቅ አንድ ካፌ ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ ውሃ 6 ዩሮ አስከፈሉኝ። ደረሰኙን ሁለቴ አየሁት። ወደ ብር መቀየሩን ተውኩት፤ ውሃው ጉሮሮዬ ላይ እንዳይቆም ብዬ።

ረቡዕ ተመልሼ ኦራንዠሪ ገባሁ፤ 12 ዩሮ ከ50። እንደ እንቁላል የሞላለሉ ሁለት ክፍሎች አሉ። ስምንት ሥዕል ብቻ ነው ያለው፤ ሁሉም ሁለት ሜትር ገደማ ቁመት አላቸው። ጎን ለጎን ቢደረደሩ ግን ከ90 ሜትር ያልፋሉ። ፍሬም የላቸውም፤ ሸራው እንዳለ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ዋተር ሊሊ የሚባለው አበባ፣ አኻያ ዛፍ፣ ደመና፣ ውሃ። ሌላ ነገር የለም። ሰማዩ እንኳ ራሱ የለም፤ ውሃው ውስጥ ያለው ጥላው ነው።

እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ ከፋኝ። ውጭው ደመና ነበር። ሥዕሎቹም እንደ ደመናው ዳመን ብለዋል። ስልኬ ላይ ያየሁት ያ ሁሉ ቀለም የት ሄደ? ለዚህ ነው ሌሊቱን ሙሉ ከሊፍት ጋር ያደርኩት?

ልወጣ ስል መሀል ያለው ወንበር ላይ የተቀመጡ ባለ ከዘራ አሮጊት እጄን ነካ አደረጉኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ቁጭ በል አሉኝ። በጣታቸው ጣሪያውን አሳዩኝ። ብርሃኑ ከላይ ነው የሚመጣው፤ በጣሪያው መስታወት አልፎ፣ በነጭ ጨርቅ ተጣርቶ። ሞኔ የፈለገው ይህንኑ የቀን ብርሃን ነበር። በ1960ዎቹ ግን ከላዩ ፎቅ ሠሩበትና ለዓመታት በአምፖል ሲታይ ኖረ። ፎቁ ተነሥቶ ብርሃኑ የተመለሰው በ2006 ነው።

ተቀመጥኩ። ምናልባት ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ደመናው ተገፈፈ መሰለኝ፣ ክፍሉ ቀስ ብሎ ነጋ። ፀሐይ የምትጠልቅበት ሥዕል ላይ ያለው ቢጫ ተነሣ። እንደ እንቁላል አስኳል ነው የፈሰሰው። ተነሥቼ ቀረብኩ፤ ጠባቂዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከቅርብ ሲያዩት ፀሐይም የለ፣ ውሃም የለ። ቀለሙ ተደራርቦ እንደ ጭቃ ምርጊት ደርቋል፤ የብሩሹ ፀጉር ያለፈበት ሁሉ ይታያል። ሸራዎቹ የተገጣጠሙበትም መስመር ቁልቁል ይወርዳል። አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ስል እንደገና ኩሬ ሆነ።

ይህን የሠራው ሰው ዓይኑን ሞራ ይዞት ነበር። በ1923 ቀዶ ሕክምና እስኪደረግለት ድረስ ቀለማትን መለየት እየከበደው ቱቦው ላይ በተጻፈው ስም ይለያቸው ነበር። ከሥዕሎቹ ሁለቱን ለአገሩ ልስጥ ብሎ ለወዳጁ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለክሌማንሶ የጻፈው አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግሥት፣ በኅዳር 1918 ነው። ከዚያም በኋላ ይቅርብኝ፣ አልደረሰም እያለ እስኪሞት ድረስ ከእጁ አላወጣቸውም። በታኅሣሥ 1926 ሞተ። ክፍሎቹ የተከፈቱት በግንቦት 1927 ነው። እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ አልተቀመጠም።

አሮጊቷን ላመሰግናቸው ዞር ስል ከዘራቸውን ይዘው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ሱቁ ውስጥ ፖስተር አነሣሁና መለስኩት፤ ቢጫው የሽሮ ቀለም ሆኗል። ለእህቴ የፍሪጅ ማግኔት ብቻ ገዛሁ። አዲስ አበባ ስደርስ ተቀብላ ለጠፈችው፤ አንገቷንም ዘመም አድርጋ ቆየች።

«ጎመን ነው እንዴ?» አለችኝ።