በእታለም ዘፈን ውስጥ ሐዘኑን የት አስቀመጥኩት?

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ በትእዛዝ ዘፈን እሠራለሁ። አብዛኛው የሰርግና የምርቃት ነው። ይህኛውን ያዘዙት ግን ቢቸና ያደጉ እህትና ወንድሞች ናቸው፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ ጠላ እየሸጠች ላሳደገቻቸው ታላቅ እህታቸው፣ በመጨረሻው ወንድማቸው መልስ ላይ እንዲዘፈን። መልስ ላይ ሙሾ አይወረድም። ሐዘኑ ጨርሶ ከተወገደ ደግሞ ዘፈኑ የእሷ መሆኑ ይቀራል።

ጽፈው የላኩልኝ «ደግ ናት፣ ውለታዋ አይከፈልም» የሚል ነበር። ይህ ለየትኛዋም ታላቅ እህት ይሆናል። ትልቁ ምስጋና መጀመሪያ ላይ ከተባለ ደግሞ ቀሪው ዘፈን ድግግሞሽ ነው። ስለዚህ ደግነቷን ትቼ ሥራዋን ጠየቅኩ። ታናሽ እህቷ እንዲህ አለችኝ፦ «እንኩሮ ስታምስ ዓይኗ ይቀላል። እታለም፣ ምን ሆንሽ ስንላት ጭሱ ነው ትለናለች።» አዝማቹ እዚያው ተገኘ፦

ዓይንሽ ምነው ስንልሽ፣ ጭሱ ነው አልሽን፤
ጭሱን ለብቻሽ ውጠሽ፣ ለዚህ አበቃሽን።

በቅኔ ትምህርት ቤቱ የታወቀው የዋሸራ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ወርቁን ማንም ሊፈታለት አያስፈልግም። እኔም በግጥሙ ውስጥ «እንባ» የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አላስገባሁም።

ከባዱ ሥራ ቅደም ተከተሉ ነበር። የመጀመሪያው ቤት ስሟን ሳይጠራ ምጣዱን፣ ጌሾውንና ንጋቱን ብቻ ያሳያል፤ ቅኝቱ ትዝታ ማይነር ነው። «እታለም» የሚለው ጥሪ የሚመጣው በሁለተኛው ቤት መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ትዝታ ሜጀር እንሻገራለን። ከአምስቱ ድምፆች የሚለወጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ በሰባቱ ድምፆች አቆጣጠር ሦስተኛውና ስድስተኛው የሚባሉት በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላሉ። መነሻ ድምፁ ስለማይነቃነቅ ሰሚው ፊቱ ሲፈታ እንጂ ዜማው ሲለወጥ አያውቅም። ያጀበን ማሲንቆ መሆኑም ጠቀመ፦ ባለ አንድ ክር ስለሆነ መቺው የጣቱን ቦታ ብቻ ይቀይራል። በክራር ቢሆን ኖሮ መሃል ላይ ክሮቹን እንደገና መቃኘት ግድ ይለን ነበር።

አዝማቹን ግን አልነካሁትም። ያው ግጥም በማይነር ሲባል አንጀት ይበላል፣ በሜጀርና በጭብጨባ ሲመለስ ደግሞ ኩራት ይሆናል። የመጨረሻው ቤት ለእስክስታ የሚሆን ፈጣን ምት አለው። በእኔ ግምት ሐዘን ከዘፈኑ ሲሶ ማለፍ የለበትም፤ ባለጉዳይዋ በገዛ ድግሷ ላይ ተነሥታ መጨፈር አለባት።

ቤተሰቡ የሁሉም ልጆች ስም እንዲገባ አጥብቆ ጠየቀ። እምቢ አልኩ፤ የስም ዝርዝር ስሜት ያቀዘቅዛል። በምትኩ ከሦስተኛው ቤት በኋላ ማሲንቆው ብቻ የሚሰማበት ክፍት ቦታ ተውኩ፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጥ ሰው ከድንኳኑ ይጠፋል ብዬ አልሰጋሁም። እንዳሰብኩት እታለም ራሷ ተነሣችና የልጆቹን ስም በየተራ እየጠራች ግጥም ሰጠች፤ ሙሽራውን ግን ዘለለችው። እስካሁን ድረስ ሲያገኘኝ የሚወቅሰው እኔን ነው።