ጆሮዬን የፈተንኩበት ቀን

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን ስፈትን ዋልኩ። በ96 ኪሎኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ 96 ሺህ ጊዜ እየተለካ) የተቀረጸ የጊታር ሙዚቃ ወስጄ ወደ 44.1 ቀየርኩት፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግረኝ እያቀያየረ እንዲያሰማኝ አደረግሁ።

የመጀመሪያዎቹን 6 ሙከራዎች በሙሉ በትክክል መለስኩ። ልቤ በደስታ ዘለለ! ደግሜ ሳዳምጥ ግን ልዩነቱ ሙዚቃው ውስጥ አልነበረም። የድምፅ ካርዱ ወደ 44.1 ሲሸጋገር «ጠቅ» የምትል ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ጆሮዬ የያዘው እርሷን ኖሯል። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ኪሎኸርዝ እንዲጫወቱ የተቀየረውን ቅጂ መልሼ ወደ 96 አሳደግሁት። በቅየራው የተቆረጠው እጅግ ቀጭን (ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው) ድምፅ በዚህ ስለማይመለስ ፈተናው አይበላሽም።

ከ16 ሙከራ 9 አገኘሁ። በግምት ብቻ 8 ይጠበቃል፤ ሰምቼ ለየሁ ለማለት ቢያንስ 12 ያስፈልገኝ ነበር።

ስሌቱን አውቀዋለሁ፦ 44.1 እስከ ግማሹ፣ ማለትም ድግግሞሹ እስከ 22.05 ኪሎኸርዝ የሆነውን ድምፅ ይይዛል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ በወጣትነትም ቢሆን ከ20 እምብዛም አያልፍም። ቢሆንም ጥፍር ክሩን ሲጭር የሚሰማው ድምፅ በ96ቱ ይበልጥ የጠራ ነው ብዬ ለዓመታት አምን ነበር። ስሙ ሲሸፈን ያ ጥራት አብሮ ጠፋ።

ለቀረጻ ግን 96ን አልተውም፤ ድምፅን አዘግይቶ ለማጫወት ተጨማሪው ልኬት ይጠቅማል።