ማን ሞቶ ነው?

ሜሪላንድ ውስጥ የምሠራበት ልብስ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሥራው ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየርና የሚዜ ቀሚስ ማጥበብ ነው። ስለዚህ አንዲት ልጅ ጥቁር ሰማያዊ የጥጥ ጨርቅ ታቅፋ ገብታ «ኪሞኖ በእጅ ትሰፊልኛለሽ?» ስትለኝ፣ ሳላስበው እሺ አልኩ። ጋሼ፣ ባለ ሱቁ፣ ለሠርግ መስሎት ደስ አለው። አይደለም፣ ለላርፕ ነው። ትልልቅ ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ጫካ ገብተው፣ የፈጠሩትን ሰው ሆነው የሚውሉበት፣ በስፖንጅ ሰይፍ የሚማቱበት ጨዋታ።

«ጨዋታ ከሆነማ በማሽን ልቀቂው፣ ማን ያያል?» አለ ጋሼ።

በእጄ ሰፋሁት። ኪሞኖ፣ የጃፓኖቹ የባህል ልብስ፣ ሁሉ ነገሩ ቀጥ ያለ ነው። የጃፓኖቹ ጨርቅ ሲሸመንም ጠባብ ነው፣ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ 12 ሜትር የሚሆነው ጥቅል ለአንድ ሰው ልብስ ይሄዳል። የልጅቷ ጨርቅ ሰፊ ስለነበር በዚያው ልክ ቀደድኩት። ብብቱ ላይ ክብ ቅድ የለም። ትርፉም ተቆርጦ አይጣልም፣ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ምክንያቱም ድሮ ልብሱ ሲታጠብ ተተርትሮ፣ መልሶ ጨርቅ ሆኖ ታጥቦ፣ እንደገና ይሰፋ ነበር። መርካቶ ሙያ ያስተማረኝ ሰውዬ ቢያየው «ማስመሪያ ነው የሰፋሽው?» ይለኝ ነበር። የሴት እጅጌ ደግሞ ከብብት በታች ክፍቱን ይተዋል። ጋሼ ሦስት ቀን በተከታታይ «ብብቱን ረስተሽዋል» አለኝ።

ጥልፉ ላይ ግን ልቤን ሰጠሁ። የቼሪ ቅርንጫፍ፣ ከግርጌው ተነስቶ ደረት ድረስ የሚወጣ፣ 41 አበባ ያለው። ዋሽንግተን፣ ከቶኪዮ በ1912 የተሰጡት ዛፎች ጋ ሄጄ አበባውን በቅርብ አየሁ። አምስት ቅጠል አለው፣ የእያንዳንዱ ጫፍ በመቀስ እንደተነካ ትንሽ ስንጥቅ ነው። ያቺን ስንጥቅ 41 ጊዜ በአምስት አባዙልኝ። ጨርሼ ማኒካኑን አለበስኩት፣ ቀኙን ፊት ከላይ ደረብኩት፣ ቅርንጫፉ ቁልጭ ብሎ ታየ። ሦስት ቀን መስኮት ላይ ቆመ።

ልጅቷ መጣች። አየችው። ፈገግ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ የሬሳ አለባበስ ነው» አለችኝ።

ኪሞኖ ወንድም ይልበሰው ሴት፣ ግራው ነው ከላይ የሚሆነው። ቀኙ ከላይ የሚደረበው ሟች ሲገነዝ ነው። «ከ719 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዋጅ የተደነገገ ነው» ብላ ጨመረች። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ሳየው ገባኝ። እዚህ አገር የሴት ሸሚዝ ቀኙ ከላይ ነው የሚቆለፈው፤ እጄ ያንን ለምዶ፣ ቅርንጫፉን በሙሉ ቀኙ ላይ ጠልፌዋለሁ። እንደ ደንቡ ከለበሰችው 41ዱም አበባ ከግራው ሥር ተቀበረ።

ልከራከራት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ልጅ ሆኜ አንድ እሁድ ነጠላዬን ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ ልወጣ ስል፣ እማዬ በር ላይ ጨምድዳ መለሰችኝ። «ማን ሞቶብሽ ነው?» ጎረቤት ሳያየኝ ገልብጣ አለበሰችኝ። ይሄን እያወቅሁ ልጅቷን ምን ልበላት?

ጋሼ ግን መልስ አላጣም። «ገልብጠሽ ልበሺዋ፣ ጨዋታ አይደል!» አላት በእንግሊዝኛ። ስትሄድ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ «ሥራ በጥንቃቄ ነው፣ ክሩም ጊዜውም ያንቺ ነው» አለኝ። አምና የአንድ ሙሽራ ሱሪ ግራ እግሩን ብቻ ሁለት ኢንች ያሳጠረው ማን እንደሆነ እዚህ ላይ አላነሳም።

ማታ ማታ መተርተር ጀመርኩ። ጥልፍ መተርተር ከመጥለፍ ይብሳል። ክሩ ይወጣል፣ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል። በካውያ እንፋሎት አርጥበህ በጥፍርህ ካላሸኸው አይገጥምም። ሐሙስ ድረስ ሠላሳውን አወጣሁ።

ሐሙስ ልጅቷ እየሮጠች ገባች። «ጀምረሻል እንዴ? ተዪው! ገጸ ባሕሪዬ ባለፈው ቅዳሜ ተገደለች። መንፈስ ሆና ነው የምትመለሰው፤ ቀኙ ከላይ ይሁንልኝ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። «11 አበባ ነው የቀረው» አልኳት።

ኪሞኖውን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው። ባዶው ቅርንጫፍ ላይ የመርፌው ቀዳዳዎች የአበባውን ቅርጽ እንደያዙ ነበሩ። «አትድፈኛቸው» አለችኝ። «የረገፈ ይመስላል።»

ለ41ዱም አስከፈልኳት። መተርተሪያውንም ጨምሬ። ቅር አላላትም። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ እስከዚያ ድረስ እኔም ቁጭ ብዬ አንብቤ ነበርና፣ «የሟች ኪሞኖ እኮ ነጭ ነው» አልኳት።

ጥቁር ሰማያዊውን ጨርቅ አየች። ትንሽ አሰበች። ከካውያው ጀርባ ጋሼም ቀና አለ።

«ጫካ ውስጥ፣ በጨለማ» አለች ትከሻዋን ነቅንቃ፣ «ማን ያያል?»