ሦስት ዓመት በሰው ፊደል

አይኤንቲጄ (INTJ) ነኝ ብዬ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ የሰውን ባሕርይ በአራት የእንግሊዝኛ ፊደል የሚመድብ መጠይቅ የሚሰጠው ስም ነው። ቴሌግራሜ ላይ ሳይቀር ከስሜ ሥር ለጥፌው ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ግን ተደርጓል። አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤት አሠልጣኝ መጣና ሁላችንንም ኢንተርኔት ላይ ያለውን ነጻ የፐርሰናሊቲ መጠይቅ አስሞላን። የኔ ውጤት ስልተኛ፣ አርቆ አሳቢ፣ በራሱ የሚተማመን ምናምን ይላል። ይሄን ማን ይጠላል? ወዲያው ስክሪንሹት አንስቼ ለሰው ላክሁ።

በስድስት ወሩ ደግሜ ስሞላው አይኤንቲፒ አለኝ። ተናድጄ እንደገና ሞላሁ፣ ተመልሶ ጄ ሆነ። ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስሞላው ጄ ነኝ፣ ቅዳሜ ከአልጋ ሳልወርድ ስሞላው ፒ። አንዲት ፊደል ናት፣ ምን ታመጣለች ብዬ ተውኩት። ለካ ያቺ ፊደል ሁሉን ገልባጭ ናት።

መጠይቁ ላይ ያለኝን ቅሬታ ላስቀድም። ድግስ ላይ ከብዙ ሰው ጋር ታወራለህ ወይስ ከጥቂት፣ ዓይነት ጥያቄ አለ። የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ እኔ የማደርገው ነገር በምርጫ አይደለም፣ ሳህን ነው የማመላልሰው። ሥራህን በጊዜ ትጨርሳለህ ሲለኝ ደግሞ አለቃዬን አስቤ ነው አዎ የምለው። ስለዚህ የሞላሁት የሆንኩትን ሳይሆን ሰው እንድሆን የሚፈልገውን ነው፣ ግማሹን ደግሞ እኔ ራሴ መሆን የምመኘውን። ወረቀቱ ምን ያድርግ፣ የነገሩትን ነው የሚመልሰው።

ከዚያ ወደ ምንጩ ሄድኩ። ነገሩ የሚጀምረው ከስዊዘርላንዱ የአእምሮ ሐኪም ከካርል ዩንግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ። ዩንግ አራት ፊደል የሚባል ነገር የለውም። እሱ ያለው፣ ሰው ነገርን በሁለት መንገድ ይቀበላል፤ ወይ ዓይኑ ያየውን ጆሮው የሰማውን እንዳለ ይወስዳል፣ ወይ ደግሞ በኢንቱሽን፣ ከሚታየው ጀርባ ያለውን ይይዛል። በሁለት መንገድ ደግሞ ይፈርዳል፤ በማሰብ ወይም በስሜት። ስሜት ሲል ማልቀስና መሳቅ ማለቱ አይደለም፣ ይሄ ነገር ዋጋ አለው ወይስ የለውም ብሎ መመዘን ነው። እነዚህ አራቱ ፈንክሽን ይባላሉ፣ እያንዳንዳቸው ወይ ወደ ውጭ ወይ ወደ ውስጥ ይዞራሉ። ሁለት ጊዜ አራት፣ ስምንት።

ጄና ፒን የጨመሩት ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የሚባሉ አሜሪካውያን ናቸው። የስነልቦና ባለሙያዎች አልነበሩም። ኢዛቤል ፖለቲካል ሳይንስ ተምራ፣ የወንጀል ልብወለድ ጽፋ የተሸለመች ሴት ናት። መጠይቁን መሥራት የጀመረችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፣ ሰው የሚስማማውን ሥራ እንዲያገኝ ይረዳል ብላ። እንግዲህ አይ ወደ ውስጥ የዞረ ሰው (ኢንትሮቨርት)፣ ኤን ኢንቱሽን፣ ቲ ማሰብ ማለት ነው፤ የመጨረሻዋ ፊደል የምትናገረው ወደ ውጭ ስለሚታየው ነገር ብቻ ነው። ጄ ከሆንክ ሰው የሚያይብህ ፈራጁን ነው፣ ፒ ከሆንክ ተቀባዩን። ኢንትሮቨርት ሰው ላይ ግን ዋናው ነገር ውስጥ ነው የተደበቀው። ስለዚህ አይኤንቲጄ ለሰው የሚታየው ማሰቡ ነው፣ ቤቱን የሚመራው ግን ወደ ውስጥ የዞረ ኢንቱሽን ነው። አይኤንቲፒ ግልባጩ ነው፤ ውስጥ ሆኖ የሚመራው ማሰብ ነው፣ ለሰው የሚታየው ወዲያ ወዲህ የሚዘለው ኢንቱሽኑ።

ማለትም ሁለቱ ሦስት ፊደል ይጋራሉ እንጂ ከስምንቱ ለእያንዳንዳቸው ከሚደርሷቸው አራት ዋና ዋና ፈንክሽኖች አንዱንም አይጋሩም። ሁለት ከበደዎች ናቸው፣ አባታቸው ሌላ።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ፈተና መሙላቱን ትቼ ራሴን መሰለል ጀመርኩ። ማስረጃው የተገኘው እናቴ ቤት፣ ኩሽና ወለል ላይ ነው።

እሑድ ጠዋት ነው። ሊጡ ደርሷል፣ አብሲቱ ገብቷል፣ እናቴ ሻርፗን አስራ ልትጋግር ስትል የኤሌክትሪክ ምጣዱ አልሞቅ አለ። እኔ አየዋለሁ አልኩ። ነቀልኩት፣ ጋዜጣ አንጥፌ ገለበጥኩት፣ ከፈትኩት። ሸክላው በጀርባው ቦይ ቦይ ሆኖ ተቦርቡሯል፣ ሽቦው እንደ ስፕሪንግ ተጠምዝዞ ቦዩ ውስጥ ይዞራል፣ በላዩ ጀሶ ተለስኖበታል። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ የምጣዱን ችግር ረሳሁት። ቦዩ መሃል ላይ ለምን እንደሚጠጋጋ፣ ዳርና ዳሩ ሳይበስል መሃሉ የሚያርበት ምክንያት ከዚህ ይሆን ወይ፣ የሽቦው ርዝመት ቢያጥር ሙቀቱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል... በስልኬ ካልኩሌተር ማስላት ሁሉ ጀምሬ ነበር። እናቴ ሁለት ጊዜ መጥታ አይታኝ ሄደች። በሦስተኛው፣

"ልጄ፣ ሊጡ ሊኮመጥጥ ነው እኮ።"

"እማዬ አንዴ ቆይ፣ እየገባኝ ነው።"

"አንተ እስኪገባህ እኛ ምን እንብላ?"

ያኔ ታናሽ ወንድሜ ገባ። ቁጭ እንኳን አላለም። ጎንበስ ብሎ ሽቦው ከገመዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፣ ብሎኗ ላልታለች። አጠበቃት፣ ገልብጦ ሰካው፣ ሞቀ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ለምን እንደላላች፣ ነገስ ትላላ እንደሆነ ግድ አልሰጠውም። እናቴ መረቀችው። እኔ ጀሶ በጀሶ ሆኜ ቀረሁ።

ወደ ውስጥ የዞረ ማሰብና ወደ ውጭ የዞረ ማሰብ ማለት ይሄ ነው። ሁለታችንም አስበናል። የሱ ማሰብ የሚጠይቀው ሠራ ወይስ አልሠራም ነው፣ መለኪያው ውጭ አለ፣ እንጀራው ይመሰክራል። የኔ የሚጠይቀው እርስ በርሱ ይገጥማል ወይ ነው፣ ውስጤ ቁልጭ ካላለልኝ ቢሠራም አያረካኝም፣ ቁልጭ ካለልኝ ደግሞ ባይሠራም ብዙ አይቆጨኝም። ዩንግ ራሱ ወደ ውጭ ለዞረው የሥነ ሕይወት ሊቁን ዳርዊንን፣ ወደ ውስጥ ለዞረው ፈላስፋውን ካንትን ነው ምሳሌ ያደረገው። አንዱ ዓለምን ዞሮ ማስረጃ የከመረ፣ ሌላው ከተወለደባት ከተማ አካባቢ ሳይርቅ የማሰብን ሥር የቆፈረ። (ካንት ምጣድ ቢሰጡት ምን እንደሚያደርግ ለመገመት አይከብድም።)

ኢንቱሽኑ ነው ያስቸገረኝ። እኛ ጋ "ቀልቤ አልወደደውም" የሚባል ነገር አለ፣ መጀመሪያ እሱ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ቀልብ አልወደደም የሚባለው ብዙውን ጊዜ ፍርሃት ነው፣ ወይ ደግሞ ያ ሰው በፊት ያስቀየመንን ሰው ሲመስል ነው። ልዩነቱን ያሳየችኝ አንዲት ጓደኛዬ ናት። አብረን ቡና እየጠጣን ስለ አንድ የሥራ ባልደረባችን ሲወራ፣ ሁላችንም ስለ ዕድገቱ ስናወራ፣ እሷ ሲኒዋን እያየች "ይሄ ልጅ አይቆይም" አለች። በምን አወቅሽ? አላውቅም። ምን አለሽ? ምንም። በሦስተኛው ወር ለቀቀ። ሁሌ ልክ ናት አልልም፣ ስትስትም አይቻለሁ። ግን አካሄዷ እንደዚህ ነው፤ ብዙ ነገር ቀስ እያለ ውስጧ ይጠራቀምና አንድ ነገር ሆኖ ይወጣል፣ ከየት እንደመጣ እሷም አታውቀውም፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ አትለቀውም።

የኔስ? የኔን የነገረችኝም እሷው ናት። "አንተ እኮ አንድ ወሬ ስሰጥህ አሥር አድርገህ ነው የምትመልስልኝ።" ልጁ ሊለቅ ነው ስትለኝ እኔ ወደ ደመወዝ፣ ከደመወዝ ወደ ቤት ኪራይ፣ ከቤት ኪራይ ወደ አፓርታማ ተጋርቶ መኖር፣ ከዚያ ክፍል የሚያጋራ አፕ ብንሠራስ... ብር ብዬ ሄጃለሁ። የሷ ወደ አንድ ይጠባል፣ የኔ ከአንድ ይበተናል። ቤቴ አንድ ደብተር አለ፣ እንደዚህ ዓይነት ሐሳቦች የተጻፉበት። ባለፈው ቆጠርኳቸው፣ አሥራ ሰባት። የተጀመሩ ሦስት። ያለቀ የለም። ዩንግ ወደ ውጭ ስለዞረ ኢንቱሽን ሲጽፍ፣ ይሄ ሰው ዘርቶ ሳያጭድ ወደ ሌላ ማሳ ይሮጣል፣ አዝመራውን ሌላ ሰው ይሰበስባል የሚል ነገር አለው። የገበሬ ልጅ ለሆነ ሰው ከዚህ የበለጠ ስድብ የለም። ደብተሩን ዘግቼ ትንሽ ተከፋሁ።

ለመለየት ከሁሉ በላይ የረዳኝ ግን ጎበዝ የሆንኩበት ነገር አይደለም። የምደናበርበት ነው። ዩንግ ዋናው ፈንክሽን ሲጠነክር ተቃራኒው ሥር ይቀራል ይላል፣ እንደ ልጅ ሳያድግ። አይኤንቲፒ ላይ ሥር የሚቀረው ወደ ውጭ የዞረ ስሜት ነው፣ ማለትም ከሰው ጋር አብሮ ማዘን፣ አብሮ መደሰት፣ የቤቱን አየር ማንበብ። እና እኔ ለቅሶ ቤት ስሄድ በር ላይ ቆሜ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" የሚለውን እለማመዳለሁ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው! ገብቼ እላለሁ፣ ድምፄ የማስታወቂያ ይመስላል፣ እቀመጣለሁ፣ ከዚያ መቼ መነሳት እንዳለብኝ አላውቅም። ሳላዝን ቀርቼ አይደለም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የሚመጣብኝ። አይኤንቲጄ ቢሆን ሥር የሚቀረው ሌላ ነው፣ እዚህና አሁን ያለውን በዓይን በእጅ መያዝ። ያ እኔን ያን ያህል አላስቸገረኝም፣ ጀሶውን አይታችሁኛል።

እንግዲህ አይኤንቲፒ ነኝ አልኩ። ግን ሳይንስ ነው ብላችሁ እንዳትይዙብኝ። የስነልቦና ተመራማሪዎች ይሄን መጠይቅ ብዙም አይወዱትም። ምክንያት አላቸው፤ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ሲሞላ ፊደሉ የሚቀየርበት ሰው ብዙ ነው፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ ጫፍና ጫፍ ላይ ሳይሆን መሃል ላይ ነው ያለው፣ ጄና ፒ ብሎ በቢላ መቁረጥ ያስቸግራል። እነሱ የሚመርጡት ቢግ ፋይቭ የሚባለውን፣ አምስት ባሕርያትን የሚለካውን ነው፣ እሱ ሳጥን ውስጥ ሳይከት ከዚህ እስከዚህ ብሎ ይለካል። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት የአራቱ ፈንክሽኖች ቅደም ተከተልም እንዳለ ከዩንግ የመጣ አይደለም፣ በኋላ የመጡ ሰዎች ያበጁት ነው። ዩንግ ራሱ ሰዎችን በዓይነት መደርደር የሳሎን ጨዋታ ነው ብሎ አጣጥሎታል።

አንድ ሌላ ነገር። ፎረር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመው ሙከራ አለ። 39 ተማሪዎቹን ፈትኖ ለእያንዳንዳቸው "ያንተ ውጤት" ብሎ ወረቀት ሰጠ፣ ምን ያህል ይገልጽሃል ብሎም ከ5 አስሞላቸው። በአማካይ 4.26 ሰጡት። ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ነበር፣ ከኮከብ መጽሐፍ የተለቃቀመ። እኛ ይሄን ከማንም በፊት እናውቀዋለን። ልጅ ሆኜ አንድ አዋቂ የኔንና የእናቴን ስም ደምረው በ12 ገድፈው ኮከቤን ነግረውኛል፤ "ለሰው ደግ ነህ፣ ሰው ግን ውለታህን አይመልስልህም" አሉኝ። እናቴ አለቀሰች፣ ልክ ናቸው ብላ። ውለታው የሚመለስለት ሰው ማን አለ ታዲያ?

ስለዚህ አሠልጣኙ ያን ቀን ውጤታችንን አይቶ ቡድን ሲከፍለን ዝም ማለቴ ይቆጨኛል። በዚህ ሰው መቅጠር፣ ሰው መመደብ ነውር ነው። ለራስ ግን፣ ቡና ላይ ለማውራት ያህል፣ እኔ ጠቅሞኛል። ቢያንስ ከወንድሜ ጋር የምንጣላበትን ምክንያት ስም አገኘሁለት። ድሮ "አይገባውም" እል ነበር። እሱም "አይሠራም" ይለኝ ነበር። ሁለታችንም ትክክል ነበርን ማለት ነው።

ቴሌግራሜ ላይ የነበረውን ፊደል አጠፋሁት። በሌላ ልተካው ብዬ ጣቴን ካዘጋጀሁ በኋላ ተውኩት።

ምጣዱ ባለፈው ሳምንት እንደገና ተበላሸ። ብሎኗ መልሳ ላልታ ይሆናል፣ ለምን እንደምትላላ ደግሞ አሁን አንድ ግምት አለኝ፣ ሸክላው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከሚያደርገው መጠበቅና መላላት ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል። ላስረዳት ስደውል እናቴ ቀድማ ለወንድሜ ደውላለታለች።