ሦስት ጥንድ ጫማ፦ ከናጋኖ ትምህርት ቤቶች

ከቶኪዮው ሺንጁኩ ጣቢያ የተነሣው አዙሳ ባቡር በጃፓን ናጋኖ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ማትሱሞቶ ለመግባት ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ወሰደ፤ ትኬቱ ከ6,000 የን ያልፋል። የናጋኖ ተራሮች ማርች መጨረሻ ላይም በረዶ ለብሰዋል። ለመንገዱ ይህ ይበቃል፤ ልጽፍ የተነሣሁት ረዳት የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ስለሠራሁባቸው ትምህርት ቤቶች ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ክፉ ሌሊት አለ። የቀጠረኝ ድርጅት «ቤቱ ዝግጁ ነው» ብሎ የላከኝ ክፍል ውስጥ ፍራሽ አልነበረም፣ መብራት አልነበረም፣ ጋዙም ዝግ ነበር። ጃፓን ውስጥ ኪራይ ቤት ባዶ ነው ከተባለ፣ ብዙ ጊዜ የቀድሞው ተከራይ የጣሪያውን መብራት ነቅሎ ሄዷል ማለት ነው። ጋዙን ደግሞ የኩባንያው ሠራተኛ መጥቶ፣ ተከራዩ ቆሞ እያየ ነው የሚከፍተው፤ ቀጠሮ ቀድሞ ካልተያዘ ሙቅ ውሃ የለም። ኮቴን እንደለበስኩ ሻንጣዬን ተንተርሼ ነጋ። በማግስቱ ጠዋት ከታች ቤት ያሉ አዛውንት እናት ምንም ሳልጠይቃቸው የላምባ ምድጃ ከነላምባው አመጡልኝ። ባለ 18 ሊትሩን ጀሪካን የት እንደማስሞላ በጣታቸው ካርታ ላይ አሳዩኝ። ለማስተማር የምትመጡ ሰዎች ሦስት ነገር በጽሑፍ አስመልሱ፦ የጋዙ ቀጠሮ መቼ ነው፣ ፉቶን የሚሉት ወለል ላይ የሚዘረጋ ፍራሽ አለ ወይ፣ የጣሪያ መብራት አለ ወይ።

አንድ ያስደሰተኝን ነገር እዚሁ ላንሣ። ጃፓን ከኢትዮጵያ ስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከዓለም አቀፉ ስድስት ሰዓት ይለያል። ስለዚህ እዚያ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ከቀኑ አንድ ሲል፣ አዲስ አበባም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ቁጥሩ አንድ ነው። እናቴ ጋ ለመደወል አስልቼ አላውቅም። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ሰዓቶች ግን የጃፓን ናቸው።

የትምህርት ዘመኑ በኤፕሪል ይከፈታል። በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ጫማ ነው፣ ሦስት ጥንድ። ጫማ አውልቆ መግባት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አውልቀን ነው የምንገባው። እዚህ ግን አውልቆ ሌላ መጫማት ነው። መግቢያው ጌንካን ይባላል። ግድግዳውን የሞላው የጫማ ሣጥን እያንዳንዱ ስም ተለጥፎበታል። የውጪው ጫማ እዚያ ይቀራል፤ ሕንፃው ውስጥ ኡዋባኪ የሚሉት ቀላል ሸራ ጫማ ይደረጋል፤ ለጂምናዚየሙ ሌላ አለ። ብዙ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹ ሸራ ጫማ አፍንጫ በክፍል ደረጃ ቀለም ስለሚለይ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ እግሩን አይቶ ማወቅ ይቻላል። ሽንት ቤት በር ላይም የራሱ ነጠላ ጫማ አለ፤ እሱን አድርጎ ኮሪደር መውጣት ትልቅ ነውር ነው። የሚያስቸግረው ቁጥሩ ነው፦ የከተማው ሱቅ ከ28 ሴንቲ ሜትር በላይ እምብዛም የለውም፤ የእንግዳው ስሊፐር ደግሞ የአዋቂ ወንድ ተረከዝ ውጪ ያስቀራል። ሶሉ ውጪ ያልረገጠ ጫማ ከአገር ይዞ መምጣት ይሻላል።

ጡረታ ወጥተው በትርፍ ሰዓት የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ የመለሱልኝ አንድ ቃል ነው፦ «አበበ!» ከሮም በባዶ እግሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ከቶኪዮ በጫማ ሮጦ ወርቅ የወሰደውን አበበ ቢቂላን በልጅነታቸው ያዩ ጃፓናውያን አይረሱትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣጥኔ ጋ ባገኙኝ ቁጥር ቆመው ሰላም ይሉኝ ነበር።

የመምህራን ክፍሉ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። ጠረጴዛዎቹ በሚያስተምሩበት ክፍል ደረጃ ተገጣጥመዋል፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሁሉን በሚያይበት ፊት ለፊት ይቀመጣል። ጠዋት 8:10 ላይ አጭር ስብሰባ አለ። ሲገቡ ጮክ ብሎ ሰላምታ፣ ሲወጡ «ቀድሜ በመውጣቴ ይቅርታ» ማለት ግዴታ ነው፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር በጃፓንኛ ያላወቀ ሰው እንደ ኩሩ ይቆጠራል። ብዙዎቹ ግን ማታም አይወጡም። እ.ኤ.አ. በ2018 የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት (ኦኢሲዲ) ባደረገው ጥናት የጃፓን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህር በሳምንት 56 ሰዓት ይሠራ ነበር፤ ከተጠኑት አገሮች ሁሉ ይህ ከፍተኛው ነበር። የስፖርትና የሙዚቃ ክበቡን ከትምህርት በኋላ የሚመራው፣ የታመመ ልጅ ቤት የሚደውለው፣ የጠፋ ብስክሌት የሚፈልገው ያው የክፍሉ ኃላፊ መምህር ነው። ይህ ድካም ከውጭ በሚመጡ አድናቂዎች ወሬ ውስጥ ቦታ ስለማያገኝ ያናድደኛል።

ስለ ማስተማሩ ብዙ አልልም። እንግሊዝኛ ለአምስተኛና ስድስተኛ ክፍል መደበኛ ትምህርት የሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ በዓመት 70 ክፍለ ጊዜ። ክፍለ ጊዜው አንደኛ ደረጃ 45፣ ከዚያ በላይ 50 ደቂቃ ነው። የውጭ አገር መምህር ረዳት ነው፤ ክፍሉን የሚመራው ጃፓናዊው ነው። «ማን ይመልሳል?» ብሎ መጠየቅ ዝምታ ያመጣል። ልጆቹ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ብቻውን መነሣት ስለሚከብዳቸው ነው። ሠላሳ ሴኮንድ ከጎን ልጅ ጋር እንዲነጋገሩ ከተደረገ በኋላ ሲጠየቁ እጅ ይወጣል። ደብተር ስታርሙ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ እኛ ትክክል ለሆነው የምናደርገው የራይት ምልክት እዚያ ስህተት ማለት ነው። ትክክለኛው መልስ በቀይ ይከበባል፤ በጣም ላማረው በክቡ ዙሪያ የአበባ ቅጠል ይሣልለታል። አሥሩንም በትክክል የሠራች ልጅ አሥር ራይት አይታ እንባዋ ሲመጣ ማየት ደስ አይልም።

ምሳ ላይ እቆያለሁ፤ የትምህርት ቤቱን አሠራር ከየትኛውም ክፍለ ጊዜ በላይ ያስተማረኝ ምሳው ነው። ኪዩሾኩ ይባላል፤ የራሱ ሕግ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ካፊቴሪያ የለም። 12:30 ገደማ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ የሳምንቱ ተረኞች፣ ስድስት ወይም ስምንት ልጆች፣ ነጭ ጋዋን፣ ኮፍያና ማስክ ያደርጋሉ፤ እጃቸውን ታጥበው ወደ ምግብ ማከፋፈያው ይወርዳሉ። የሾርባውን ድስት ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ይይዙታል፤ ሌሎቹ ሩዙን፣ ሳህኑን፣ ባለ 200 ሚሊ ሊትር ወተቱን ያመጣሉ። የቀሩት ጠረጴዛቸውን አራት አራት አድርገው ያጋጥማሉ፤ ከዚያ ትሪ ይዘው ይሰለፋሉ።

የሚበላሸው ሁልጊዜ ጭልፋው ላይ ነው። ለ35 ልጅ የመጣ ሾርባ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ልጆች ጭልፋ ሙሉ ከተደረገላቸው ለመጨረሻዎቹ አምስት ድስቱ ይደርቃል። ልምድ ያለው መምህር በመጀመሪያው ሳህን የልኩን ምልክት ያሳያል፣ አሳንሰው እንዲጀምሩ ያደርጋል፣ የተረፈውንም «ኢታዳኪማስ» የሚለው ከመብላት በፊት የሚባል የምስጋና ቃል ከተባለ በኋላ ያስጨምራል። አንድ ፑዲንግ ከተረፈ ፈላጊዎቹ ተነሥተው በእጅ ጨዋታ፣ በድንጋይ፣ መቀስና ወረቀት፣ ይለዩታል። መብላቱ ራሱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። የወተቱ ካርቶን ታጥቦ፣ ተዘርግቶ ይደርቃል። ዓርብ ተረኛው ጋዋኑን ቤት ይወስዳል፤ ሰኞ ታጥቦና ተተኩሶ ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። አንድ እናት ሳትተኩስ የላከችው ጋዋን በሌላ ሰው ልጅ ላይ ይለበሳል፤ ይህ ሐሳብ በእያንዳንዱ ቤት ይታወቃል።

አንድ ቀን ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆች የሚሶ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ሊጥ) ሾርባውን ይዘው ደረጃ ሲወጡ የአንዷ እግር ሳተ። ድስቱ ተደፋ። የጮኸ ሰው አልሰማሁም። ሦስት ልጆች ጨርቅ ይዘው ወረዱ፤ ሁለቱ ባዶውን ድስት አንሥተው የጎረቤት ክፍሎችን በር ማንኳኳት ጀመሩ። «ሾርባችን ተደፍቶብናል፣ ትንሽ ብታካፍሉን» ብለው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከየክፍሉ ሦስት ሦስት ጭልፋ ተጨለፈላቸው። ሲመለሱ ድስቱ ግማሽ ነበር። የዚያን ቀን ሁሉም ከወትሮው ያነሰ ጠጣ፤ ድርሻው የቀረበት ግን የለም። ልጅቷ ስታለቅስ የነበረችው ጓደኞቿ ሲቆጧት አይደለም፤ የመጀመሪያውን ሳህን ሲሰጧት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ጥብቅ ሥርዓት አለ። ርዕሰ መምህሩ ልጆቹ ከመብላታቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይቀምሳል። ማብሰያ ቤቱ ከእያንዳንዱ ምግብ 50 ግራም ያህል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አቀዝቅዞ ሁለት ሳምንት ያቆያል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ሳካይ ከተማ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በምግብ ብክለት ከታመሙ ወዲህ ጥንቃቄው በጣም ጠበቀ። አለርጂ ያለበት ልጅ ትሪው ለብቻው ስም ተጽፎበት ይመጣል። ከራስ ሳህን ለልጅ ማንሣት የተከለከለ ነው፤ ጉርሻ ለለመደ እጅ ይህ ይከብዳል። ምክንያቱን ማወቅ ይረዳል፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ቶኪዮ አጠገብ ቾፉ ከተማ አለርጂ ያለባት ተማሪ ተጨማሪ ምግብ ወስዳ ሕይወቷ አልፏል።

ለእኛ ሰው ዋናው ችግር ጾሙ ነው። ወተቱ በየቀኑ አለ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ውስጥም ዳሺ የሚሉት የደረቀ ዓሣ ውኃ አለ። የአሳማ ሥጋ፣ ቡታኒኩ፣ በካሪውም በተጠበሰውም በብዛት ይገባል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይህችን ቃል በጃፓንኛ ፊደል ማንበብ መጀመሪያ ይልመድ። የወሩ ምግብ ዝርዝር ከነግብዓቱ ቀደም ብሎ ይታደላል። በዕለቱ «አልበላም» ማለት ምግቡን ያስደፋል፤ ገንዘቡም አይመለስም። መፍትሔው የጾሙን ቀኖች፣ ረቡዕና ዓርብን ከነሁዳዴው 55 ቀን፣ በፈረንጅ ቀን ገልብጦ ከወር በፊት ለምክትል ርዕሰ መምህሩ በወረቀት መስጠት ነው። እኔ ጋ ክፍያው በአንድ ምሳ 300 የን ገደማ ስለነበር ያልተበላው ተቀንሶልኛል። ሽሮዬን በሩዝ ይዤ ከልጆቹ ጋር እቀመጥ ነበር። «መምህር ለምን ወተት አይጠጡም?» ብለው ጠየቁ፣ ነገርኳቸው፣ በሳምንቱ የጾሜን ቀን ከእኔ በላይ የሚያስታውሱት እነሱ ሆኑ።

ከምሳ በኋላ ጽዳት ነው፣ 15 ደቂቃ። በየተራ ክፍል መጥረግ እኛም ያደግንበት ነው፤ አዲስ የሆነብኝ አሠራሩ ነው። ናጋኖ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ያለ ንግግር ነው የሚያጸዱት፤ ሙጎን ሴይሶ ይሉታል። ደወሉ ሲደወል ሁሉም ባለበት ተንበርክኮ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ይነሣል። ወንበር ጠረጴዛ ላይ ይገለበጣል፣ ሁሉም ወደ ኋላ ይገፋል፣ ግማሹ ወለል ይጠረጋል፣ ይወለወላል፤ ከዚያ ወደ ፊት ተገፍቶ ሌላው ግማሽ። ጨርቁ ዞኪን ይባላል፤ ያለቀ ፎጣ ታጥፎ የተሰፋ ነው፣ ከመቶ የን ሱቅም ይገዛል። መወልወል በእንጨቱ መስመር ነው፤ አቋርጦ የተወለወለ አቧራ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ጨርቁ በደንብ ካልተጨመቀ ወለሉ ያዳልጣል፣ እንጨቱም ያብጣል። አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ፎጣውን እንደ ኳስ ይጨብጡታል። አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ከትንሹ ኋላ ተንበርክኮ፣ እጁን በእጁ ላይ አድርጎ፣ አንዱን መዳፍ ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች አዙሮ ሲያስጨምቀው አየሁ። ቃል አልተናገረም። ውኃው ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ አለ፣ ትንሹ ቀና ብሎ አየው፣ ራሱ ደገመው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 የካይዘን፣ ማለትም የማያቋርጥ የሥራ ማሻሻያ፣ ኢንስቲትዩት መሥርታለች፤ ቃሉን ፋብሪካ በር ላይ ለጥፈነዋል። ማጣራት፣ ማደራጀት፣ ማጽዳት እያልን ለአዋቂ ሠራተኛ በሥልጠና የምንሰጠው ነገር እዚህ በሰባት ዓመት ልጅ እጅ ነው የሚጀምረው። ግብፅ ይህን አይታ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በጃፓን ሥርዓት የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች ከፍታለች። የእኛም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከባልዲና ከጨርቅ ቢጀምሩ እላለሁ፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ የሚፈልገው መምህሩም አብሮ መንበርከኩን ነው።

ክረምቱ ቀዝቃዛ ነው። ክፍሉ ይሞቃል፣ ኮሪደሩ አይሞቅም፤ ጠዋት የባልዲው ውኃ እጅ ይቆርጣል። ሸሚዝ ላይ የሚለጠፍ ማሞቂያ ከሱቅ ግዙ።

ማርች ላይ ምረቃው ያልፋል፤ ከዚያ የመምህራን ዝውውር ይፋ ይሆናል፣ በአካባቢው ጋዜጣም ይወጣል። የመንግሥት መምህር በየጥቂት ዓመቱ ትምህርት ቤት ይቀይራል። በመጨረሻው ቀን ልጆቹ ሸራ ጫማቸውንና ጨርቃቸውን በከረጢት ይዘው ሄዱ፤ ሁለት ተረኞች ጌንካኑ ላይ ቀርተው የስም ወረቀቶቹን ከሣጥኖቹ በጥፍራቸው እየላጡ፣ የቀረውን ሙጫ በእርጥብ ዞኪን እያሹ ያነሡ ነበር። አንዷ የእኔን ስም ላጠችና፣ ትጣለው እንደሆነ ጠየቀችኝ። «አትጣይው» አልኳት፤ ሰጠችኝ።